ገመዱ ይቆረጥ፣ ሥሩ ይቆይ

ቀን፦ በደረቅ ደመና ወር ማብቂያ፣ ረፋድ ላይ

ለኦሩዋ ጥበቃና ድልድል ቢሮ ኃላፊ
ለክቡር አቶ ሴንጋል ኦርቪ
ላይኛው ማሰሪያ

አመልካች፦ ኢልዳ ሬምሶ፣ የታችኛው ማሰሪያ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ ነገ በኦሩዋችን ላይ እንዲፈጸም የታዘዘው የማስወገድ ውሳኔ እንዲሻሻልልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ቤቴን ተሸክሞ በሰማይ የሚንሳፈፈው ተክል፣ ኦሩዋችን፣ ነገ ፀሐይ ስትሞቅ የአየር ከረጢቶቹ ተገፈው፣ ከሰፈሩ ጋር ያያዘው ገመድም ተቆርጦ ወደ ታች እንዲለቀቅ ቢሮዎ መወሰኑን ተቆጣጣሪው አቶ ሉዶ ፌንት አሳውቀውኛል። ውሳኔው እንዲሻር አልለምንም። እንዴት እንደሚፈጸም ግን የምለው አለኝ። ጊዜ ስለሌለ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

1. ባለቤቴ ቶቫር ሬምሶ በበረዶው ንፋስ ጊዜ የጎረቤታችንን የአቶ ጋርሚን ዶልሳን የላላ ገመድ ለማጥበቅ ወጣ። አጥብቆ ሲመለስ ወደቀ። ሲወድቅ ያየሁት እኔ ነኝ። አልጮኸም፤ ግራጫው ደመና ዋጠው። በእኛ ሰፈር የወደቀ ሰው ቤት ያረፈበት ኦሩዋ ሥር አይከረከምም። ኦሩዋው በራሱ ጊዜ እስኪያብብ ድረስ ማንም ማጭድ አያነሳበትም። አማቴ እማማ ኩሴ በዚያው ዕለት ማጭዱን ከተሰቀለበት አውርደው ትራሳቸው ሥር ከተቱት። «ሥሩ ልጄን እየፈለገው ነው። የሚፈልግ እጅ አይቆረጥም» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር አላመንኳቸውም። ልጇን ያጣች እናት ምን አትል ብዬ ተውኳቸው። በልቤ ባሌን ቀብሬዋለሁ፤ መቅበሪያ በሌለበት ሰማይ እንዴት እንደሚቀበር እኔም አላውቅም እንጂ።

2. ያልተከረከመ ኦሩዋ ምን እንደሚሆን ለእርስዎ ማስረዳት ለወፍ ክንፍ እንደማሳየት ነው። ሥሩ ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ ቤቱን ወደ ታች ይጎትታል፤ አጠገቡ የታሰሩትንም ይዞ ይወርዳል። የእኛ ወለል ዘመመ፤ የአቶ ጋርሚንም ተከትሎ ዘመመ። አንድ ቀን ውሃ ወረፋ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሾርባዬን ከሳህኑ በአንድ ጎን ብቻ ነው እኮ የምጠጣው! ባልሽ ወደቀ፣ ነፍሱን ይማር፤ አሁን ደግሞ እኛን ልታስከትይው ነው?» አሉኝ። እኔም አፌን አልያዝኩም። «ጋሼ፣ የወደቀው የማንን ገመድ ሊያጠብቅ ወጥቶ ነው? ዘንበል ብለው ይጠጡ!» አልኳቸው። ወረፋው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ በማግስቱ ቢሮዎ ዘንድ መጥተው ከሰሱኝ።

ክሳቸው ሐሰት እንዳልሆነ እዚህ ላይ በግልጽ አስመዘግባለሁ። የልጅ ልጃቸው አልጋ ወደ ጫፍ እየተንሸራተተ ስላስቸገረ ከምሰሶ ጋር ታስሮ ነው ሕፃኗ የምትተኛው። ኦሩዋችንም ቢሮው ካሰመረው የከፍታ መስመር በታች ወርዷል። ደንቡ ከመስመር በታች የወረደ ኦሩዋ እንደተተወ ይቆጠራል ይላል። ደንቡን አልከራከርም። እኔ ግን አልተውኩትም፤ እዚሁ ላዩ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልዎት።

3. የቢሮዎ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰኝ ተሸነፍኩ። እማማ ኩሴ ወደ ጓዳ ሲገቡ ማጭዱን ከትራሳቸው ሥር መዝዤ ወጣሁ። ጠዋት ነበር። እንደሚያውቁት ኦሩዋ ጠዋት ጠዋት ከቅጠሉ ላይ ጤዛ ለመጠጣት የሥሩን ጫፍ ወደ ላይ ይመልሳል። ረጅሙን ሥር በግራ እጄ ይዤ፣ ማጭዱን ላሳርፍበት ስል፣ ጣቶቼ ሥሩ ራሱ ላይ የተቋጠረ ቋጠሮ ነኩ።

በታችኛው ማሰሪያ ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ አዙሮ ይቋጥራል። ቶቫር ግን አንድ ጊዜ ያዞርና ጫፉን ከሥር ያስገባል። መቋጠር ያስተማሩት እናቱ ናቸው። የእማማ ኩሴን ግራ እጅ ገና በልጅነታቸው ገመድ ስለበላው ሁለት ጣት ብቻ ነው የቀራቸው፤ በሁለት ጣት ደግሞ ከዚህ ሌላ መቋጠር አይቻልም። ጠርቻቸው መጡ። ቋጠሮውን ዳበሱት፣ ገለበጡት፣ እንደገና ዳበሱት። «ይኼ የኔ ነው» አሉ፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ከቋጠሮው ዝቅ ብሎ ሥሩ ተነክሷል፤ ጭማቂው ተመጥጧል፤ የጥርስ ምልክቱ አንድ በአንድ ይታያል። ከደመናው በታች የዱር ኦሩዋ እንደሚንሳፈፍ አያቶቻችን ሲናገሩ ሰምተናል። ባሌ በአንዱ ላይ ወድቆ ተርፏል። የሚጠጣው የእኛን ሥር ጭማቂ ነው። ያ እኔ ልቆርጠው የነበረው ሥር ማለት ነው።

4. ይህን ወዲያውኑ ለአቶ ሉዶ ፌንት አመለከትኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ከዚያ «ንፋስ የማይቋጥረው ነገር የለም እኮ፣ እትዬ» ብለው አሰናበቱኝ። ስለዚህ ሻሼን ቀደድኩና በሥሩ ጫፍ ላይ ዳቦ አሰርኩበት። ጫፉ ቀጭን ነው፤ ዳቦ ይሸከማል፣ ሰው አይሸከምም። በማግስቱ ሲመለስ ዳቦው የለም። ሻሹ በዚያው በእማማ ኩሴ አቋጣጠር ተቋጥሯል። ይህንንም ሄጄ ነገርኳቸው። «ዳቦውን ወፍ በልቶት ይሆናል» አሉ። ይሁን፣ ወፍ ዳቦ ይበላል። በልቶ ሲያበቃ ሻሽ አጣጥፎ የሚቋጥር ወፍ ግን በዕድሜዬ አላየሁም፤ ቢሮው የሚያውቀው ካለ ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ዳቦ ሲወርድ፣ ቋጠሮ ሲመጣ ከረመ። እኔና ባሌ በዚህ ዓይነት ስንነጋገር ሰነበትን፤ ከትዳራችን ዘመን ሁሉ እንዲህ ተግባብተን አናውቅም።

ክቡር ሆይ፣ ዛሬ ጠዋት ዳቦው ሳይነካ ተመለሰ።

ሻሹ ተቋጥሯል። ቋጠሮው ግን ልል ነው፤ ጫፉም ከሥር አልገባም። እማማ ኩሴ አይተው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ፈርቻለሁ።

5. አቶ ጋርሚን ለቅሶ ሰምተው መጡ። ሻሹን ከእጄ ተቀብለው አዩት፤ ሥሩ ላይ ያለውንም የመጀመሪያ ቋጠሮ ገልብጠው አዩ። ከዚያ ወደ ደጃቸው ሄደው፣ ቶቫር በወደቀበት ቀን ያሰረላቸውን ገመድ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ሲመለሱ ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት መስሏል። «ኢልዳ፣ የኔንም ያሰረው በዚሁ ቋጠሮ ነው። እስከ ዛሬ አልላላም» አሉኝ። ወዲያው ከሰፈር ሰፈር በገመድ ላይ የሚንሸራተት ጀልባቸውን ሊያዘጋጁ ሄዱ። ይህን አቤቱታ ይዘው ፊትዎ የቆሙት ሰው እንግዲህ ከሳሼ ናቸው።

ስለዚህ ቢሮዎ ውሳኔውን በሚከተለው መንገድ እንዲያሻሽልልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤

ሀ. ገመዱ ይቆረጥ። ጎረቤቶቼ በእኔ ምክንያት ዘመው መኖራቸው ያብቃ፤ ያቺም ሕፃን ሳትታሰር ትተኛ።

ለ. ከረጢቶቹ ግን አይገፈፉ። ከረጢቱ የተገፈፈ ኦሩዋ ይወድቃል። ከረጢቱ ያለ፣ ሥሩ የከበደ ኦሩዋ ግን ቀስ እያለ፣ ሥሩን ተከትሎ ይወርዳል። ከረጢቶቻችን ለላይኛው ማሰሪያ አዲስ ሰገነት እንደተመደቡ ሰምቻለሁ። ሰገነቱ ይቆይ፤ ሰገነት አይርበውም።

ሐ. ሲለቀቅ እኔ ላዩ ላይ ልሁን። ሁለት ቀን መጠበቅ፣ አጣሪ መላክ፣ ስብሰባ መጥራት አይቻልም። ውሃ፣ ዳቦና ማጭድ ይዣለሁ። ባሌን ወደ ቤቱ ካስገባሁት በኋላ ሥሩን እከረክማለሁ፤ ተከርክሞ የቀለለ ኦሩዋ ወዴት እንደሚሄድ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ላገኘው ባልችልም ላዩ ላይ የተቀመጥኩት አውቄ ነው፤ በቢሮው ላይ የሚነሳ ወቀሳ አይኖርም።

መ. እማማ ኩሴ እስከዚያው በአቶ ጋርሚን ቤት ይቆያሉ። «እኔም እወርዳለሁ» ብለው አስቸግረውኝ ነበር፤ ክብደት ይቀነስ ብዬ እግራቸው ላይ ወድቄ ለምኜ ነው ያስቀረኋቸው። እሳቸው አንድ ነገር እንድጨምር አዘውኛል፤ በቦታችን ላይ ሌላ ኦሩዋ እንዳይታሰር። ስንመለስ የምንታሰርበት ገመድ እንፈልጋለን።

ባለቤት የራሱን ገመድ በራሱ እጅ መቁረጥ በደንቡ እንደሚያስቀጣ አውቃለሁ። መልስዎ ነገ ከረጢቶቹ በፀሐይ ሳይነፉ ከደረሰኝ ይህ ጽሑፍ የፈቃድ ጥያቄ ይሁንልኝ። ካልደረሰኝ ግን ጥፋቱን አስቀድሜ ማሳወቄ ተደርጎ ይመዝገብልኝ። ሠራተኞችዎ ሲመጡ የተቆረጠ ገመድ እንጂ የሚገፈፍ ከረጢት አያገኙም።

ማጭዱን ካልለቀቀ እጅ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

ኢልዳ ሬምሶ
(ፊርማ)

የምስክር ቃል፦ እኔ ጋርሚን ዶልሳ በዚህ ጉዳይ ከሳሽ ነበርኩ። ከላይ የተጻፈውን አንብቤ፣ ቋጠሮውንም በዓይኔ አይቼ ፈርሜያለሁ። ለሰገነቱ ከረጢት ከጎደለ ከኔ ኦሩዋ ላይ ይወሰድ። ሾርባዬን በአንድ ጎን መጠጣት ለምጃለሁ።
(ፊርማ)