አንቴና ያዧ ዲንቄ ስላላየችው ፊልም የሰጠችው አስተያየት

ልደታ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ዓባይነህ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የውይይት ክበባችን ሰብሳቢ፣ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ደግሞ የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ

ግልባጭ፦ ይህን የግድግዳ ጋዜጣ ለሚያነብ ሁሉ፣ በተለይም ከቀበሌው ሱቅ ፊት ለስኳር ተሰልፎ ሌላ የሚያነበው ለሌለው ነዋሪ

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፤

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው አባላትና በቢሮዎ በር ላይ ለሚቆመው ጓድ ጭምር ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ስለ ደህንነቴ ማን እንደሚመሰገን ግን በመመሪያ እስኪገለጽልን ድረስ ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ታላቅ ዜና ለሰፊው ሕዝብ ማብሠር እወዳለሁ። በአዳራሻችን የሚገኘው ቴሌቪዥን የሚለብሰው ባለጥልፍ ጨርቅ፣ እነሆ ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት ማንም ሳይገልጠው፣ ሳያጥፈውና ሳያራግፈው በክብር ቦታው ላይ ጸንቶ ይገኛል። ጨርቁ በመልካም ሁኔታ ላይ ነው። ዳር ዳሩን የተሰፋው ዳንቴልም አልተጎዳም። ከሥሩ ያለው ቴሌቪዥን ደግሞ በእነዚህ ሦስት ሳምንታት አንድም ስሕተት አልተናገረም። ለዚህ ድል እንኳን ደስ ያለዎት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሽት ከዜና በኋላ አንድ የእንግሊዝ ተከታታይ ፊልም ይታይ ነበር። ባለታሪኩ ወፍራም የፖሊስ መርማሪ ነው፤ ስሙ ለአፋችን አልመች ስላለን «ባለዣንጥላው» ብለነዋል። ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም ዣንጥላውን ከእጁ አይለይም፤ ሲዘረጋው ግን አንድ ቀን እንኳ አላየንም። የሚኖርባት መንደር የጌጃ ሰፈርን ግማሽ አታህልም፤ በየሳምንቱ ግን አንድ ሰው ተገድሎ ይገኝባታል፤ ሰው ሞተ ብሎ ኬክ መጋገሩን የሚያቆም የለም። ባለዣንጥላው ከቤት ቤት እየዞረ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ አበባ ያወራል፣ የሰው ድመት ያሻሻል። መጨረሻ ላይ ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበስብና በዣንጥላው ጫፍ ወደ ገዳዩ ይጠቁማል። ይኸው ነው። አንድ ጥይት አይተኮስም፣ አንድ ጥፊ አይሰማም። እኛም ስንስቅ አምሽተን ወደየቤታችን እንገባለን።

እርስዎም ይህ የባዕድ ፊልም ንቃታችንን እንዳያደበዝዘው ተጨንቀው፣ ከየክፍሉ በኋላ ተመልካቹ አስተያየት እንዲሰጥ፣ አስተያየቱም በመዝገብ እንዲሰፍር አዘዙ። በየምሽቱ አሥር አስተያየት፤ ከአሥሩ ሦስቱ የግድ የሴቶች። መዝገብ ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝና የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ከዚያው ከደጃፉ የለቃቀምኳትን እንግሊዝኛ ይዤም የአዳራሹ አስተርጓሚ ሆንኩ። ባለዣንጥላው አምስት ደቂቃ ሙሉ ሲናገር እኔ «ጠርጥሯል» ብዬ እጨርሰዋለሁ፤ እስካሁን ቅሬታ አልቀረበብኝም።

ሕዝቡ ምን ያህል እንደነቃ መዝገቡ ይመሰክራል። ልብስ ሰፊው አብዱልመናን፣ «ሰውየው ሲገባ ሱሪው ተረከዙን ይነካ ነበር፤ ሲወጣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሆኗል። ገዳዩን ተዉትና ሱሪውን ማን እንዳሳጠረው ይጣራልን» ብሏል። ባለቤቴ ጠጅቱ፣ «በየሳምንቱ ሰው የሚሞትበት አገር እንዴት እድር አይኖረውም? ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፤ ሰባት ሰው ጥቁር ባርኔጣ ደፍቶ ይቆምና ይበተናል። ገዳዩም ቶሎ የሚያዘው ቀባሪው ጥቂት ስለሆነ ነው፤ እኛ ዘንድ ቢሆን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ማንን ለይተው ይይዛሉ?» ብላለች። እርስዎ ራስዎ ደግሞ ተነሥተው፣ «ወንጀለኛውን ያገኘው አንድ ግለሰብ እንጂ የተደራጀው ሰፊ ሕዝብ አይደለም፤ ይህ የፊልሙ መሠረታዊ ድክመት ነው» ሲሉ ለሃያ አምስት ደቂቃ አብራርተዋል። አብዱልመናን ከእንቅልፉ ባንኖ አጨበጨበ፤ እኛም ተከተልነው።

በአምስተኛው ክፍል መዝገብ ላይ፣ በመጨረሻው መስመር የሰፈረው ግን እንዲህ ይላል፦ «ወይዘሮ ዲንቄ፣ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ፦ እኔን ደስ ያለኝ ፖሊሱ የሰው ቤት ሲገባ በር ማንኳኳቱ ነው። የወሰደውን ሰው ደግሞ በማግሥቱ ወደ ቤቱ መልሶታል።»

ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ጨርቁን ለበሰ። ዲንቄም የአዳራሹን ቁልፍ አስረክባ ከሥራዋ ታገደች፤ በመጪው እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ ፊት ቆማ ግለ ሂስ እንድታቀርብ ታዘዘች። ግለ ሂሷ አጥጋቢ ሆኖ ካልተገኘ ጉዳይዋ «ለሚመለከተው ክፍል» እንደሚተላለፍ ተነግሯታል። የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ሁላችንም እናውቀዋለንና።

ባለፈው ወር የግድግዳ ጋዜጣው ጽሑፍ ጠፍቶበት ባዶውን መዋሉን በስብሰባ ላይ አምርረው ነቅፈው ነበር። ትችትዎን ተቀብዬ፣ ምስጋናዬን በቁጥር በቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ፊልሙን ከሁሉ በሚሻለው ቦታ ላይ ስላቋረጡልን እናመሰግናለን። ጡረታ የወጣው ኮሎኔል ሻይ ውስጥ መርዝ የጨመረው ማን እንደሆነ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፎ ነበር። ባለዣንጥላው ሁሉንም ሰብስቧል፤ ዣንጥላውን አንሥቷል፤ እንደተነሣም ቀርቷል። አብዱልመናን «የወንድሙ ልጅ ነው» ይላል። ጠጅቱ «የቄሱ ሚስት ናት፤ የጋገረችውን ኬክ ራሷ አልቀመሰችም» ትላለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚሁ ስንከራከር የከረምን ሲሆን፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ያየ ሰው ቢኖርም አይነግረንም፤ መንገሩ ማየቱን ያጋልጥበታልና። በዚህም መልሱን ባለማወቃችን ከባዕድ ተጽዕኖ ድነናል።

2ኛ. ዲንቄን፣ ስላላየችው ፊልም አስተያየት የሰጠች የመጀመሪያዋ የልደታ ነዋሪ ስላደረጉልን ኮርተናል። እርስዎ በሥራ ብዛት ዘንግተውት ካልሆነ በቀር፣ አንቴናችን ፊልሙ በተጀመረ ሰሞን በነበረው ነፋስ ከሥሩ ላልቷል። ሰው ካልያዘው ባለዣንጥላው አንድ ጊዜ ሦስት ይሆናል፣ አንድ ጊዜ ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲንቄ ጆንያ ተከናንባ ከአዳራሹ ጀርባ የአንቴናውን ብረት አቅፋ ትቆማለች። እኛ ውስጥ ስንስቅ እሷ ውጭ ትበሰብሳለች። በአምስቱ ቅዳሜዎች ከፊልሙ የደረሳት ነገር ቢኖር በመስኮት የሚወጣው የእርስዎ ድምፅ ነው፦ «ዲንቄ! ወደ ግራ! ኧረ ሴትዮ፣ ወደ ግራ ነው ያልኩሽ! እዛው! አትተንፍሺ!» እሷም አትተነፍስም። በአቅራቢያችን ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈር እንዳለ ሁሉ አንቴና ያዥ የሚባልም በስሟ እንዲሰየምላት ላመለክት ስዘጋጅ፣ እርስዎ ቀድመው አገዷት።

3ኛ. ቁልፉ በእርስዎ እጅ ከገባ ወዲህ አዳራሹ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ቁልፉ ለመወያየት ነው። እናመሰግናለን።

4ኛ. ይህን ቁጥር ብዘለው ደስ ባለኝ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ዲንቄ እንቁላል በመሐረብ ቋጥራ ቤቴ መጣች። ግለ ሂስ እንድጽፍላት ነው። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ከዚያ አዳራሽ መጥረጊያ በቀር ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴት ናት፤ አንድ ቀን ስታማርር ሰምቻት አላውቅም። ያን ዕለትም አላማረረችም። «ጋሼ፣ ለመሆኑ ምን ብለሻል ነው የሚሉኝ?» አለች። «እንዲያው ቃሉን ያስጠኑኝ፤ ሰው ፊት ቆሜ እንዳልሳሳት።»

ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ብዙ ነገር ቀልጄበታለሁ፤ ያላለችውን ነገር አሳምራ ለመናዘዝ የምትለማመድ ሴት ፊት ግን ቀልድ አልመጣልኝም። ብዕሬን አነሣሁና «እኔ ዲንቄ» ብዬ ጀመርኩ። ሥራዬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «እኔ» ብዬ የጻፍኩት ሁሉ ሌላ ሰው ነበር፤ ስንት ጊዜ መበለት ሆኛለሁ፣ ስንት ጊዜ ከባሌ ተፋትቻለሁ፣ አጥሬ በጎረቤት ተገፍቶብኛል። እርስዎንም አንድ ጊዜ ሆኜዎት ነበር። ለሊቀመንበርነት ሲታጩ በቀረበው የሕይወት ታሪክዎ ውስጥ፣ «ገና ከልጅነቴ ጀምሮ ጭቆናን አምርሬ እጠላ ነበር» የምትለው ዐረፍተ ነገር ከማን ብዕር እንደወጣች ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ የማስታውሰው ሕፃን ዓባይነህ አምርሮ የሚጠላው ገላ መታጠብን ነበር፤ ሆኖም ለቅጹ አይመችም ብዬ አስተካከልኩት። ያን ጊዜ እጄ እምቢ አላለም። ማክሰኞ ዕለት ግን እምቢ አለ። ጠጅቱ እንቁላሎቹን መልሳ በመሐረቡ ቋጠረችላት፤ ዲንቄም ግለ ሂሷን ሳትይዝ፣ ደግሞም እንቁላሉ አነሰ ብላ እያፈረች ሄደች።

5ኛ. በመጨረሻም ምርመራው ይህን ያህል በፍጥነት ስለተጠናቀቀ አደንቃለሁ። ባለዣንጥላው ቢሆን ኖሮ ግን፣ ሰውየው ዘገምተኛ ነውና፣ ሻይ አስቀድቶ ጥቂት ነገሮችን መጠየቁ አይቀርም ነበር። ያን ምሽት ዝናቡ ከብዶ አዳራሽ የመጡት ሴቶች ሁለት ብቻ አልነበሩምን? ጠጅቱና አንዲት ጎረቤቷ። መመሪያው የሚለው ሦስት አይደለምን? ሦስት የሴት አስተያየት የሌለው መዝገብ ተመላሽ አይደረግምን? ታዲያ ሦስተኛዋ ከየት መጣች? ብዕሩስ በማን እጅ ነበር? ከዚህ በኋላ ሰውየው ድመት እያሻሸ ዝም ይላል፤ መልሱን የሚናገረው ሁሉም ሰው ሲሰበሰብ ነው። እኛም እሑድ ጠዋት ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ እንሰበሰባለን። ዣንጥላ አለኝ፤ ይዤ እመጣለሁ።

ባለጥልፉ ጨርቅ ከነክብሩ እንዲሰነብት፣ ከሥሩ ያለውም አንድ ቀን አየር እንዲያገኝ እየተመኘሁ፣ ከሦስተኛው መደዳ ግራ ዳር፣ አንድ እግሩ ከተሰበረው አግዳሚ ላይ ሆኜ፣ አግዳሚው በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ወልደገብርኤል ቦጂያ
የቀድሞ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የአስተያየት መዝገብ ጸሐፊ፣ የሰባት ልጆች አያት

ማስታወሻ፦ እስከ እሑድ ድረስ እንዳላንጠለጥልዎት ብዬ ነው፤ መንጠልጠል ምን እንደሚመስል ኮሎኔሉ አሳይቶናል። እዚህ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ የአብዱልመናን ሱሪ ሳይቀር። የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ያለው መዝገቡ ውስጥ ነው። የዲንቄ ቃል የእኔ ነው። ሦስተኛ ሴት ጎደለችኝ፤ ቀና ስል በመስኮቱ በኩል ጆንያ የተከናነበች ጥላ አየሁ፤ የራሴን አስተያየት በእሷ ስም አሰፈርኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ሲያነቡት ፊትዎ እንዴት እንደሚሆን ለማየትም ጓጉቼ ነበር። ቀልዱ የእኔ ሆነ፤ ዝናቡም ቅጣቱም የእሷ። ስለዚህ እሑድ ለግለ ሂስ የምቆመው እኔ ነኝ። ቁልፉን ለዲንቄ ይመልሱላት፤ አንቴናውን ከእንግዲህ እኔ እይዛለሁ፤ እሷ ትግባና ትይ። ማንኳኳቱንና መመለሱን ግን አልፈጠርኩትም፤ እርስዎም ከፊት ወንበር ተቀምጠው አይተዋል። እስከ እሑድ መታገሥ የማይችል ጓድ ካለ፣ ቤቴ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሦስተኛው በር ነው። አይቆለፍም። ቢሆንም ያንኳኳ።