የስድስቱ ጉድጓዶች መስክ

ይርጋዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ሙት ዓመትህን እንደ ወጉ አወጣን። ካህናቱም መጡ፣ ዘመድም መጣ፣ ድንኳኑም ተነቀለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀልኝ ይመስል አሁንስ በረታሽ ይለኛል። እኔም በረታሁ እላለሁ፤ ምን ልበል? እውነቱን ላንተ ልንገርህና ደክሞኛል። ጠዋት ስነሳም ደክሞኝ ነው የምነሳው። እንቅልፉም ራሱ እንደ ሥራ ሆኖብኛል።

ልጃችን ትርንጎ ባሕር ዳር ሥራ ይዛለች። ኔትወርክ ሲኖር ትደውላለች፣ ሳይኖር ደግሞ እኔ ስልኩን ይዤ ጓሮ ለጓሮ እዞራለሁ። ላሚቱ ወልዳለች። የማድ ቤቱ ጣራ በበጋው ተጠግኖልኛል፣ አሁን አያፈስም። ሰፈሩን ግን ብታየው አታውቀውም። ከኛ በታች የነበረው እርሻ ሁሉ ለከሰል የሚሆነው ዛፍ፣ ዲከረንስ፣ ተተክሎበታል። አንተ ስትሞት ወገቤ ድረስ የነበረው የጎረቤት ተክል ጣራችን ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ወደ አዲስ ቅዳም በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር የከሰል ጆንያ ተገትሮ ነው የሚውለው። ድሮ በራችን ላይ ቁጭ ብለን ከገበያ የሚመለሰውን ሰው በአረማመዱ እንለየው ነበር፤ ዛሬ ከዛፍ በቀር የሚታይ የለም። ሳይሸፈን የቀረው ያንተ መስክ ብቻ ነው።

የምጽፍልህም ስለ እሱው ነው። ወንድምህ ዳምጤ ችግኙ ደርሷል፣ ዝናቡ ሳይጠና መስኩን እንትከለው ብሎ መልስ ሲጠብቀኝ ሰንብቶ ነበር። ክፉ አስቦ አይደለም። ዲከረንስ አንዴ ከተተከለ ኩትኳቶ አይፈልግ፣ እረኛ አይፈልግ፤ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ መቁረጥ ነው። ብቻዬን መሆኔን አይቶ፣ እንዳርፍ ብሎ ነው። ትርንጎም እማዬ የሚቀልልሽን አድርጊ አለችኝ። የሚቀልለኝ የትኛው እንደሆነ አለማወቄ ነበር ያስቸገረኝ።

ዱላዎቹን ይዘህ የገባህበትን ቀን አስበዋለሁ። የውሃ ፕሮጀክቱ ሹፌር ነበርክ፤ ሥራው አልቆ ፈረንጁ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ሦስት የጎልፍ ዱላና አንድ ከረጢት ኳስ ትቶልህ ሄደ። ሰው ሁሉ ቢያንስ ቢያንስ ፍሪጁን ይሰጠዋል ሲል አንተ ዱላ ተሸክመህ መጣህ። ዱላማ መቼ ጠፋ እዚህ አገር ብዬ ሳቅኩብህ። አንተ ግን ምንም ሳይመስልህ በማግስቱ መስኩ ላይ ወጥተህ በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ልክ ጉድጓድ እየቆፈርክ ቆርቆሮውን ትቀብርበት ጀመር። ሙሉው ጨዋታ አሥራ ስምንት ጉድጓድ ነው ብለኸኛል፤ መስካችን ግን ለስድስት ብቻ በቃች። በየጉድጓዱ ቀርከሃ ተከልክ፤ ለባንዲራውም ሳትጠይቀኝ አሮጌ ነጠላዬን ቀደድክ።

ሽማግሌዎቹ የተቆጡህ ያኔ ነው። በሚያዝያ ወር ዱላ ይዘህ ኳስ ስትመታ አይተው ገና የምትጫወት መሰላቸው። ገና እንግዲህ በታኅሣሥ ነው የሚመታው፤ ይሄ ሰው ያለጊዜው ሲመታ ምን ሊያመጣብን ነው ብለው አባትህ ዘንድ ድረስ ሄዱ። አባትህ ደግሞ ስመ ጥር ፈረሰኛ፣ በጥር ጉግስ ሲጫወቱ አገር የሚያያቸው ሰው ነበሩ። ልጃቸው በእግሩ እየተንቀራፈፈ እንቁላል የምታክል ኳስ ሲከተል ማየቱ ከገናው ይልቅ አሳፈራቸው። በአዊኛ የተናገሩህን ሳትተረጉምልኝ ቀረህ፤ ከፊትህ ግን ገብቶኛል። ጎልፍ ነው ብትል ማን ይስማህ? ስሙ ገና እንደተባለ ቀረ። መንገደኛው ሁሉ ባጠገብህ ሲያልፍ ገና ነው ወይ ይልሃል፣ አንተም ገና ነው ትለዋለህ። እሱ የሚጠይቅህ የጨዋታውን ስም ነው፤ አንተ የምትመልስለት ኳሱ በአንድ ምት ጉድጓድ አለመግባቱን ነው። ሁለታችሁም ተግባብታችሁ ትለያያላችሁ።

እንዲያ የምትመልሰው ምኞት ስለነበረህ ነው። መሐንዲሱ እንደነገረህ፣ በነሱ አገር ለእንጀራው ሳይሆን ለደስታው የሚጫወት ሰው ሁሉ ጉልበቱ ሳይከዳው እንዲህ ባደርግ ብሎ የሚይዘው ነገር አለው። አንዱ በባሕር ዳርቻ መጫወት ይመኛል፣ አንዱ አባቱን ማሸነፍ። አንተም የራስህን ያዝክ፤ መስቀል ባለፈ ቁጥር፣ ጨፌው ደርቆ ሣሩ ሲያምር፣ እንደ አዲስ ታወራልኝ ነበር። ከሩቅ መትቶ በአንድ ጊዜ ማስገባት። አዲስ አበባ ወርዶ ሣሩ በመቀስ የተስተካከለ በሚመስለው በደህናው ሜዳ ላይ አንድ ቀን መዋል። ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ቆሞ ኳሱን ውሃውን አሻግሮ ማሳረፍ። አራተኛውን ስትናገር ድምፅህ ዝቅ ይል ነበር፤ ከእኔ ጋር መስኩን አንድ ዙር መዞር።

ዘንገናን ሞክረኸዋል። ትርንጎ ልጅ ነበረች፤ ምሳ ቋጥረን ሄድን። አፋፉ ላይ ቆመህ ወዲያ ማዶ ያለውን ጫካ ስታይ እኔ ከልቤ የሚደርስ መስሎኝ ነበር። ሦስቱም ኳስ ግማሹን ሳይሄድ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ጦጣዎቹ ግን ኳሱን ትተው ምሳችንን ወሰዱ። በባዶ ሆዳችን እየሳቅን ተመለስን። እንደዚያን ቀን የሳቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በአንድ ምት የገባውንም አውቃለሁ። ጠዋት ሮጠህ ገብተህ እግርህን ሳትጠርግ ምጣድ ላይ እንዳለሁ ያዝከኝ፤ ገባ፣ ገባ ትላለህ። ማን አየ ስልህ ፊትህ ወደቀ። ምስክር የሌለው አይቆጠርም ብሎሃል ለካ ፈረንጁ። መስኩ ላይ የነበረችው የዳምጤ ባዝራ ብቻ ናት። ዳምጤ ይህን ሰምቶ ባዝራዬን ቤተ ክርስቲያን ወስጄ አስምላታለሁ እያለ ስንት ዘመን ሳቀብህ። አንተ ግን አንድም ቀን አልዋሸህም። የጠየቀህን ሁሉ ያው ገና ነው ትለው ነበር።

አዲስ አበባ የመሄዱ ነገር ሲጎተት ኖረ። አንዴ መንገዱ ይዘጋል፣ አንዴ ሲከፈት ዝናብ ይሆናል፣ ቀጥሎ ደግሞ ያ ሕመም መጣ። ሆስፒታል ተኝተህ ትርንጎ አባዬ ደከመህ ወይ ስትልህ ገና ነው አልካት። እሷ ስለ ሕመሙ የመለስክላት መስሏት ደስ አላት። እኔ የትኛው ገና እንደሆነ ገብቶኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ከእኔ ጋር መዞሩን በተመለከተ ልናዘዝልህ አይደለም የምጽፈው። ሥራ ነበረብኝ፤ አንተም ታውቃለህ። ነይ ስትለኝ እጄ አንድም ሊጥ ላይ ነው፣ አንድም አፈር ውስጥ ነው። አንተም አልተቀየምክ፣ እኔም አልጸጸትም። ኑሮአችን እንደዚያ ነበር። ብቻ ሰሞኑን ከዚያ ሁሉ ሥራ ውስጥ ዛሬ በእጄ ያለው ምንድን ነው እያልኩ አስባለሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ዳምጤ መጣ። ችግኙ የሚያርፍበትን እንለካ፤ ግን ቀርከሃው ወድቆ ሣሩ ጉድጓዶቹን ውጦአቸዋል፣ ባዝራዬ አንዱ ውስጥ ገብታ እግሯ እንዳይሰበር አንቺ አሳይኝ አለ። እሱ ወንድምህ ሆኖ አንዱንም አያውቀውም። እኔም አላውቅም ልለው ነበር። ግን መስኩ ላይ ስንወጣ እግሬ ራሱ ሄደ። ለካ ስንት ዓመት ምሳህን ይዤ የመጣሁት፣ ኳስ ጠፋብኝ ስትል አብሬህ ሣር የፈተሽኩት፣ ጨለመ ግባ ብዬ የጠራሁህ በዚያው በዚያው መንገድ ነው። የመጀመሪያው ከብሳናው ሥር፣ ሁለተኛው ከውሃው መውረጃ ወዲህ። ዳምጤ ካስማ እየተከለ ከኋላዬ ይከተላል። ሦስተኛውን አሳየሁት፣ አራተኛውን አሳየሁት። አምስተኛው ላይ ቆርቆሮው ዝጎ ዝናብ አቁሯል፤ በጣቴ ጭቃውን አወጣሁለት። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ቁጭ አልኩ። የዞርኩት ዙር ያ የምትለኝ ዙር መሆኑ የገባኝ እዚያ ነው።

አለቀስኩ። ዳምጤም አየኝ፤ ካስማውን እንደያዘ ፊቱን አዞረልኝ። ሰው ፊት አላለቅስም ብዬ የያዝኩት ሁሉ የዚያን ቀን ወጣ። ናፍቀኸኛል ይርጋዬ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ብዬ ከአፌ አላወጣሁትም ነበር፤ ለሚጠይቀኝ ሰው የምናገረው ሁሉ ስለ ተዝካርህና ስለ ጤናዬ ነው።

ተነስተን ስንመለስ ዳምጤ እንግዲህ ሰኞ ችግኙን ላምጣ ወይ አለኝ። አምጣ አልኩት። አምጣና ከቤቱ ኋላ የድንቹ መሬት ላይ ትከለው። ዞሮ አየኝ። ድንቹማ ደህና መሬት ነው፣ የሚበላ ነገር የሚያወጣ መሬት ነው፤ ያለ ጥቅም የተቀመጠው ይሄ መስክ ነው እንጂ አለ። እኔም ረጋ ብዬ ነገርኩት። ያደከመኝ ድንቹ ነው። ወገቤን የሰበረው መኮትኮቱ ነው፣ መድኃኒት መርጨቱ ነው፣ ክረምት ለክረምት ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ማውጣቱ ነው። መስኩ አንድ ቀን እንኳ አድክሞኝ አያውቅም። ደሞ ባዝራህስ ምን ልትበላ ነው፣ ከሰል? ዳምጤ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁን ነው የያዘው። ከዚያ መስኩን ዞሮ ካስማዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ በትከሻው ተሸክሞ ሄደ።

ችግኙ ከትናንት በስቲያ ድንቹ መሬት ላይ ተተከለ። ከእንግዲህ ድንቹን ከገበያ እየገዛሁ እበላለሁ። ትርንጎ ስነግራት ደግ አደረግሽ እማዬ አለችኝ።

ዱላዎችህን ለማንም አልሰጥም። ልመታባቸውም አልሞክርም፤ እሱ ያንተ ነው። ስምህን በጸሎት ማስጠራቴም አይቀርም፣ ግን አንተን የማስብህ እዚያ ብቻ እንዳይመስልህ። ሥራዬ አሁን ቀንሶልኛል። ማታ ማታ ላሚቱን አልቤ ስጨርስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከብሳናው ጀምሬ እስከ መጨረሻው እዞራለሁ። በየቀኑ ላይሆን ይችላል፣ ዝናብም አለ። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። ጉልበቴን ታውቀዋለህ፣ ብዘገይም ጠብቀኝ።

ባለቤትህ