ባለ ጎማው ሳንቃና የኔ ጉልበት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ዛሬም ወደቅኩ። በቀኝ ጎኔ። ደግነቱ የሱቄ መጋዘን የምሸጠው ብርድ ልብስ ሞልቶታል፣ እስሩ ላይ ነው ያረፍኩት። ልጄ ሀያት ሳቋን ልትውጥ ብላ ትን አላት። ትሳቅ፣ ምን አለበት።

ምን እንደነካኝ ላንቺው ልንገርሽ ደብተሬ፣ ለሰው አይነገርም። ሀያት እሁድ እሁድ፣ ገበያው ሲዘጋ፣ ሱቃችን ፊት ያለው ኮሪደር ላይ የሰፈሩን ሴት ልጆች ስኬትቦርድ ታስተምራለች። ባለ ጎማ ሳንቃ ላይ ቆሞ መንሸራተት ነው። ባለፈው አንዷ ወድቃ ክርኗ ተላጠ። እናቶቹ አደሙ፣ ልጆቻችንን አንልክም አሉ። ከፊት የቆመችው ጎረቤቴ ዘይነባ ናት፣ ፕላስቲክ ዕቃ ሻጯ። "በሰው ልጅ ሲሆን ቀላል ነው፤ አንቺ ራስሽ ትወጪበታለሽ ወይ?" አለችኝ፣ ሰው እየሰማ። ምላሴ ቀደመኝ። እሁድ መጥተሽ እዪኝ አልኳት። ወላሂ፣ ምን አናገረኝ። እሁድ ካልቻልኩ ሀያት ያለ ተማሪ ቀረች ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5፣ ጠዋት

የተማርኩት። ግራ እግር ከፊት፣ ብሎኑ ላይ። ጉልበት ሸብረክ። ዓይን ወደ ፊት፣ እግር ላይ አይደለም። ቀኙ መሬት ገፍቶ ይወጣል። ለመቆም ጫማን መሬት ላይ መጎተት። ሲወራ ቀላል ነው።

ከቀሚሴ ስር የሀያትን ሱሪ ለብሻለሁ። ምን ይደረግ።

ወደቅኩ። አሁንም በቀኝ። ለምን ሁልጊዜ በቀኝ? ሀያትም ግራ ገባት። ሳንቃሽ ጠማማ ነው ብዬ ጮኽኩባት። አኮረፈች። ምሳ ላይ ታረቅን፣ የተለማመጥኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ወንዶቹ ጁምዓ ሄደው ነበር። ሱቁ ሁሉ ሸራ ተጋርዶበት፣ ኮሪደሩ ባዶ፣ ሲሚንቶው ልስልስ። ሀያት ከፊቴ የኋሊት እየሄደች ታየኛለች። ድንገት አስቆመችኝ።

"እማ፣ ቀኝ እጅሽ የት ነው?"

አየሁት። ቦርሳዬ ላይ። ጭምድድ አድርጎ ይዞታል። ሃያ ዓመት መርካቶ ስነግድ፣ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ራጉኤል እጄን ከቦርሳዬ ላይ አንስቼ ሄጄ አላውቅም። የመርካቶ ሌባ እንዲህ አድርጎ ነው ያሳደገኝ። ለካ ሚዛን የሚነሳኝ ይሄ ነው! ሰው ሁለት እጁን ይዘረጋል፣ እኔ በአንዱ ዘብ ቆሜያለሁ።

ቦርሳውን አውልቄ ሰጠኋት። እጄ ግን እዚያው ጎኔ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ሳቅን፣ ሳቅን፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልን። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ አብረን ስቀን አናውቅም መሰለኝ። ስወዳት።

ከዚያ ሁለቱንም እጆቼን ያዘች። ለቀቀችኝ። ሄድኩ! እስከ ጣቃ ጨርቅ ሻጩ በር ድረስ። አልሀምዱሊላህ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ገበያው ጉድ ነው። ልምምድ የለም። ጉልበቴ አብጧል። ዘይነባ ሰምታ፣ ካመመሽ ይቅር ብላ ላከችብኝ። ተናደድኩ። ትንሽም ደስ አለኝ፣ አስባልኝ ነው። ፈርቻለሁ ደብተሬ። መውደቁን አይደለም፤ የሀያት ፊት ሲጠቁር ማየቱን ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት 9፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

ገና መግባቴ ነው። 

እናቶቹ ኮሪደሩ ዳር ተደርድረዋል። ሀያት ከንፈሯን ነክሳለች። ወጣሁ። ገፋሁ። ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ እና ማቆሚያውን ረሳሁት። የኮሪደሩ መጨረሻ ግንብ መጣ። ዘልዬ ስወርድ በቂጤ ዘጭ። መዳፌ ተላጠ።

ዘይነባ ሮጣ አነሳችኝ፣ አገላብጣ አየችኝ፣ አቧራዬን አራገፈች። አለቀ፣ የልጄ ነገር በኔ አበቃ አልኩ በልቤ። ግን ሳቄ መጣ። ምን ላድርግ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዘይነባ መዳፌን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችልኝ።

"ልጄ ስትወድቅ ማየት ፈርቼ ነው እንጂ፣ ሀያትን ጠልቼ አይደለም" አለች። ቀሚሷን ሰበሰበች። "በይ ያዢኝ። መጀመሪያ እኔ ልሞክረው።"

ሀያት በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው። ትከብዳለች፣ አላህ ያሳይሽ! ልጆቹ ጮኹ። ሌሎቹ እናቶች ተራ ይዘው ተሰለፉ።

አሁን እናቶቹ በሥራ ቀን ጠዋት ጠዋት እንማር ብለዋል። ሀያት በሥራ ቀን ኮሪደሩን ገበያተኛ ስለሚሞላው ቦታ የለኝም አለች። ወሰንኩ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት መጋዘኑ የነሱ ነው፣ ሱቁን አርፍጄ እከፍታለሁ። ደንበኛ ትንሽ ይጠብቅ።