ከሥሩ ያልታየው አውቶቡስ፦ የአቶ ዋጋዬ ተክለወልድ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዋጋዬ ተክለወልድ ከአባታቸው ከአቶ ተክለወልድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦጋለች ኅዳር 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በአርሲ፣ በጢቾ ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ፤ የበኵሩ ልጅ ይህን ታሪክ የሚጽፈው ወንድማቸው ነው።

በልጅነታቸው በጢቾ ደብር ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ታላቅ ወንድማቸው በሰዋስውና በቅኔ ትምህርት ሲገፋ፣ እርሳቸው ከመጽሐፉ ይልቅ የመጽሐፉ ማኅደር እንዴት እንደ ተሰፋ ይመረምሩ ነበር። አንደኛ ደረጃን በዚያው በጢቾ ፈጽመው በ1966 ዓ.ም. ወደ አሰላ መጡ፤ እስከ ዐሥረኛ ክፍልም ተማሩ። በ1969 ዓ.ም. በአቶ ሙራድ ጋራዥ በረዳት መካኒክነት ተቀጥረው፣ በኋላም ዋና መካኒክ ሆነው፣ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ አርባ ሁለት ዓመት በአንድ ጋራዥ ሠሩ። በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወለላ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው አቶ ሄኒንና ወይዘሮ ፈናንን ወለዱ።

አሰላ አቶ ዋጋዬን ከጋራዡ ሥራ ይልቅ የሚያውቃቸው በትንንሽ መኪኖቻቸው ነው። ነገሩ የተጀመረው በ1973 ዓ.ም. ነበር። የአንድ የእንስሳት ሐኪም ሞተር ብስክሌት መለዋወጫ ታጥቶለት ጋራዥ ውስጥ ስምንት ወር ቆመ። አቶ ዋጋዬ በምሳ ሰዓት እየለኩ፣ የእውነተኛውን ሃያ አራት ሳንቲ ሜትር ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር እያሳነሱ፣ በመዳፍ የሚያዝ ሞተር ብስክሌት ሠሩ። ከዚያ በኋላ አላቆሙም። አካሉን ከጣሳ፣ ጎማውን ከአሮጌ ጫማ ሶል፣ ራጂውን፣ የጎማውን ቀጫጭን ዘንጎች፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ያወጡት ነበር። ወይዘሮ ወለላ ለእንግዳ ሁሉ "ድልሁ ሳያልቅ ጣሳው መኪና ሆነብኝ" እያሉ ይስቁ ነበር። ባረፉበት ቀን በመስታወት ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ስድሳ አንድ መኪኖችና ሞተር ብስክሌቶች ተቆጥረዋል።

አሠራራቸው የራሳቸው ሕግ ነበረው። ሥራቸውን የሚጀምሩት ከሥር ነው፤ ሻንሲው፣ ባሌስትራው፣ የፍሬን ቱቦው ሳያልቅ በሩንም ሆነ ጣሪያውን አይነኩም። ከላይ እንደ ፈቃዳቸው ይለውጡ ነበር፤ የሐኪሙን ሞተር መሪ አርዝመው ቀይ ቀብተውታል፤ የወፍጮ ቤቱን ፒካፕ ጣሪያውን ቆርጠው ክፍት አድርገውታል። ከሥር ግን አንዲት ብሎን አይለውጡም። የተበየደው እንደ ተበየደ፣ የዛገው እንደ ዛገ ይቀመጣል። ሰው ከላይ አይቶ ሲያደንቅ "ከሥሩ እዩት እንጂ!" ይሉ ነበር። ጎረቤታቸው ሙንተሲር ባጃጁን በትንሹ ተሠርታ ባያት ጊዜ ገልብጦ አይቶ፣ "ጋሽ ዋጋዬ፣ የኔ ጉድ ከሥሯ እንዲህ ዝጋለች እንዴ? ፍቅረኛዬ እንዳታይብኝ!" ብሎ ቤቱን አስቆታል። በማግስቱም አቶ ዋጋዬ እውነተኛዋን ባጃጅ አንሥተው ጠገኗት።

ታላቅ ወንድማቸው ይህን ሥራ ከንቱ ብሎ ነቅፏል። ለነፍስ የማይረባ፣ ለሥጋም የማይበላ ነገር ነው ብሎ በቤተ ዘመድ ፊት ተናግሯል። ቁም ሣጥኑ ወዳለበት ክፍልም አልገባም።

አሁን ሁላችን የምናውቀውን ክፉ ቀን ማንሣት ግድ ነው። ጥር 10 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ በከተራ ዕለት፣ ለበዓል ተሳፋሪ ጭኖ ከአሰላ ወደ ጢቾ ይሄድ የነበረ አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ ከመንገድ ወጥቶ ገደል ገባ። ሦስት ሰዎች ሞቱ። ሾፌሩ አቶ ዱሬሳ ዲሪባ በፍርድ ቤት ቀርበው "ፍሬን ስረግጥ ወደ ቀኝ ሳበኝ" አሉ። አውቶቡሱን በቀደመው ቀን የጠገኑት አቶ ዋጋዬ ምለው "ፍሬኑ ደኅና ነበር" ብለው መሰከሩ። አቶ ዱሬሳ በፍጥነት አሽከርክረዋል ተብሎ ተፈረደባቸው፤ አራት ዓመት ታሰሩ፤ መንጃ ፈቃዳቸውን አጡ። ከእስር ሲወጡ ፈረስ ገዝተው በጋሪ ሥራ ተሰማሩ፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ይተዳደራሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የዚያችን ጋሪ ጎማ ከአቶ ዋጋዬ በቀር ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። ዋጋ አይቀበሉም ነበር። እኛ ምጽዋት መስሎን አመስግነናቸዋል።

በሚያዝያ 2003 ዓ.ም. አቶ ዋጋዬ አንድ ትንሽ አውቶቡስ በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ታላቅ ወንድማቸው ቤት መጡ። ከሠሯቸው ሁሉ ያማረው ያ ነበር፤ ሰማያዊ ቀለሙ ያበራል፤ ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ የታሰረው ሻንጣ ሳይቀር በልኩ ተሠርቷል። በሁለት እጃቸው ዘርግተው "ጋሼ፣ ከሥሩ ይዩልኝ" አሉ። ታላቅ ወንድማቸው እጁን አልዘረጋም። "የሁለት ልጆች አባት ሆነህ አሻንጉሊት ይዘህ በከተማ መካከል ትሄዳለህ?" አላቸው። መልሰው ጠቅልለውት ሄዱ።

ያ ታላቅ ወንድም ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ።

አቶ ዋጋዬ የደም ግፊት ሕመም ቢኖርባቸውም ታመው አልተኙም። ባለፈው ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በጠረጴዛቸው ላይ የአንዲት ሞተር ብስክሌት ፓራፋንጎ፣ የጭቃ መከላከያዋን፣ ሲያለዝቡ በድንገት ወድቀው፣ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ቤተ ሰቡ የዚህን ድንጋጤ ክብደት ገና ሳይለካ ሌላ ድንጋጤ ደረሰበት።

ትናንት እሑድ ጠዋት ለለቀስተኛ ቦታ ለማስለቀቅ ቁም ሣጥኑ ሲነሣ፣ ልጃቸው ወይዘሮ ፈናን ሰማያዊውን አውቶቡስ አወጣች። ከስድሳ አንዱ መካከል ከጣውላ ጋር በማጣበቂያ የተያያዘው እርሱ ብቻ ነበር፤ ከሥሩ እንዳይታይ። ጣውላው ከእጇ አመለጠና አውቶቡሱ ተላቀቀ። ወደ ፊተኛው ግራ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ፣ ከክር የማይወፍረው፣ ወደ ኋላ ታጥፎ ጫፉ ተዘግቷል። በሻንሲው መካከል የታጠፈ ወረቀት ነበር። የእጅ ጽሑፉ የወንድሜ ነው፤ የተጻፈውም ወደ እኔ በመጡበት ቀን ማግስት ነው። ቃሉ እንደሚከተለው ነው፦

"ጋሼ፤ ትናንት ከሥሩ አላዩትም። ቀድሜዎ ከሞትሁ የሕይወት ታሪኬን የሚጽፉት እርስዎ ነዎት። የፊተኛውን ግራ ጎማ ፍሬን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዘይት ያፈስ ነበር፤ መለዋወጫ አልነበረም፤ የከተራ ተሳፋሪ ይጠብቅ ነበር። ለዱሬሳ ጠዋት እነግረዋለሁ ብዬ ነበር፤ ስደርስ ወጥቷል። ሦስት ሰው ሲሞት ፈራሁና ማልሁ። ሳያሳምሩ ይጻፉት።"

ለማያውቅ ሰው መግለጥ ይገባል። በዚያ ዘመን መለዋወጫ ሲታጣ፣ የሚያፈሰውን የአንዱን ጎማ ቱቦ አጥፎ መዝጋትና መኪናውን በቀሩት ፍሬኖች መላክ የመካኒኮች ልማድ ነበር። ሾፌሩ ከተነገረው ቀስ ብሎ ይነዳል፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን እንደሚስብም አስቀድሞ ያውቃል። ካልተነገረው ግን በቁልቁለት ላይ የሚያውቀው ፍሬኑን ከረገጠ በኋላ ነው።

ወረቀቱ ይነበብ ወይስ አይነበብ በሚለው ቤተ ሰቡ ተከራከረ። አቶ ሄኒ "አጎቴ፣ አፈር ሳይለብስ? ለአርባው ይሁን" አለ። ወይዘሮ ወለላ ግን ነጠላቸውን ከፊታቸው አንሥተው እንዲህ አሉ፦ "ይነበብ። በሬዲዮ የመኪና አደጋ በተነገረ ቁጥር እየተነሣ የሚያጠፋው ለምን እንደ ሆነ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ አሁን ገባኝ። ዱሬሳ ስሙ የጠፋው በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት ይመለስለት።" ክርክሩ በዚህ ተዘጋ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱን ይዤ ወደ አቶ ዱሬሳ ቤት ሄድሁ። ልጃቸው ሐዊ በር ከፈተችልኝ። ወረቀቱን እኔ አነበብሁ። አቶ ዱሬሳ አውቶቡሱን ተቀብለው ገለበጡ፤ የታጠፈችውን ቱቦ በትንሽ ጣታቸው ነኩ።

"ይቺ ናት?" አሉ።

"እርሷ ናት" አልሁ።

"ወደ ቀኝ ሳበኝ ብዬ ነበር እኮ።"

ሐዊ አለቀሰች። እርሳቸው ግን አውቶቡሱን እንደ ያዙ "ብዬ ነበር። ለዳኛውም፣ ለሚስቴም፣ እግራቸው ሥር ወድቄ ለሟች ቤተ ሰቦችም ብዬ ነበር" አሉ። ቀጥሎም "እሱ ጎማዬን ሲያጠብቅልኝ ቀና ብሎ አያየኝም ነበር። ትሑት ሰው ነው እል ነበር" አሉ። ለመውጣት ስነሣ በሰው ፊት እንዲነበብ ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ፤ "ጮክ ብለው ያንብቡት" አሉኝ።

ስለዚህ ዛሬ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጮክ ብዬ አነብባለሁ። አቶ ዱሬሳ ዲሪባ በከተራው ዕለት ያጠፉት ጥፋት የለም። የተናገሩት እውነት ነበር። ወንድሜ በሐሰት መስክረዋል። እኔም እውነቱ በሁለት እጅ ተዘርግቶልኝ ከላይ ብቻ አይቼ ነቀፍሁ፤ አምሳ ዓመት ያህል ሰውን ሳስተምር ኖሬ አንድ ነገር ገልብጬ ማየት ተሳነኝ። በዚህም ምክንያት አቶ ዱሬሳ ሌላ ዐሥራ አራት ዓመት ስማቸው እንደ ጠፋ ኖሩ። ከዚያ ቁልቁለት ያልተመለሱትን የሦስቱን ሰዎች ቤተ ሰቦች ስለ ወንድሜም ስለ ራሴም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወረቀቱም ከዚህ ቀብር በኋላ ጉዳዩ ለሚመለከተው ፍርድ ቤት ይቀርባል።

አቶ ዋጋዬ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወለላን፣ ልጆቻቸውን አቶ ሄኒንና ወይዘሮ ፈናንን፣ አራት የልጅ ልጆችን እና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል።

በሣጥኑ ራስጌ ያለውን ሰማያዊ አውቶቡስ በጀርባው ያስተኛነው ሆን ብለን ነው፤ እያንዳንዱ ለቀስተኛ ሲያልፍ ቀረብ ብሎ እንዲያየው ነው። አቶ ዱሬሳ ይቅር ብለዋል ብዬ አልጽፍም፤ አላሉምና። ጋሪያቸውን ከደጁ አቁመው መጥተዋል፤ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ስንወጣ መንገድ እንስጣቸው፤ ከሣጥኑ ቀጥለው እርሳቸው ይሂዱ።

የሰውን ሥራ ከላይም ከሥርም የሚያይ አምላክ የአቶ ዋጋዬን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበላት፤ ለአቶ ዱሬሳ የተወሰደባቸውን ይመልስላቸው፤ እኛንም እጃችንን ለመዘርጋት ያብቃን። አሜን።