ከተዘጋው በር ፊት የተቀመጡት የወይዘሮ ቬርሊን ኳሚና የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቬርሊን ኳሚና ከአባታቸው ከአቶ ኢዝኪኤል ኳሚና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፊሎሜን ላሳል እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1944 በትሪኒዳድ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በቶኮ መንደር ተወለዱ። አባታቸው በካካዎ እርሻ የቀን ሠራተኛ ነበሩ፤ እናታቸው ዓሣ ይሸጡ ነበር። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም። እናታቸው ግን የሰባት ትውልድ ስም በቃላቸው ያውቁ ነበር፤ ስሞቹን በቅደም ተከተል ያልደገመ ልጅ በዚያ ቤት እራት አይቀርብለትም ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1956 ከአካባቢው ልጆች አንደኛ ወጥተው በፖርት ኦፍ ስፔን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። በዚያ በተሰጣቸው የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የእንግሊዝ ነገሥታት ሚስቶች ሳይቀሩ በስም ተዘርዝረው ነበር። ስለ ቶኮ ግን አንድ መስመር አልነበረበትም። ይህን ሲያነሡ እስከ እርጅናቸው ድረስ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

በ1963 በአገራቸው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ደርዳሪ ሆነው ተቀጠሩ። ለሁለት ዓመት ውጭ አገር ተልከው ሙያውን ተምረው እንደ ተመለሱ፣ በ1971 የካሪቢያን ታሪክ ልዩ ስብስብ እንዲያቋቁሙ ተመደቡ። ስብስብ የተባለው መስኮት የሌለው ክፍልና ሦስት ካርቶን ነበር። «ሦስት ካርቶን ሰጡኝ፤ በአንዱ አይጥ ወልዳበታለች» ይሉ ነበር።

በ1973 ከአቶ ሆሊስ ባፕቲስት ጋር ትዳር መሥርተው ዴኒስንና ከርዊንን ወለዱ። አቶ ሆሊስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። እሑድ እሑድ ባለቤታቸውን ይዘው ከሸንኮራ እርሻ ሰፈሮች እስከ ነዳጅ ጉድጓዶች ይዞራሉ፤ ወይዘሮ ቬርሊን በየቤቱ ያረጀ ደብዳቤ፣ የሠራተኛ ማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የተቀደደ ፎቶግራፍ ይለምናሉ። «ሌላው ሚስቱን ባሕር ዳር ይወስዳል፤ እኔ የሰው ቆርቆሮ ሥር በአቧራ ሳስነጥስ እውላለሁ» እያሉ አቶ ሆሊስ ያማርሩ ነበር። አንድም እሑድ ግን ቀርተው አያውቁም።

ሰዉ ወረቀቱን ለመስጠት እሺ አይልም ነበር። ከዚያ በፊት መኪና ይዘው የመጡ ሰዎች ወስደው ሳይመልሱ ቀርተዋልና። ስለዚህ ወይዘሮ ቬርሊን ለሰጣቸው ሁሉ በትንሽ ካርድ ላይ እንዲህ ብለው ጽፈው ይፈርሙ ነበር፦ «ይህ የእናንተ ነው፤ እኛ ጠባቂዎች ነን። በመጣችሁ ቀን በሩ ይከፈትላችኋል።» ሁሉንም የጻፉት በእርሳስ ነው። ጥንታዊ ወረቀት ባለበት ቀለም አይቀርብም፤ በሙያቸው ሕግ እርሳስ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ እጃቸውም ከእርሳስ ሌላ አልለመደም። የዩኒቨርሲቲውን ማኅተምም አላስመቱበትም። ቃል ከተሰጠ ማኅተም ምን ያደርጋል ብለው ነበር።

በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ሦስቱ ካርቶን አንድ ሺህ አራት መቶ ሣጥን ሆነ። ከሩቅ አገር የመጡ ምሁራን ከዚያ ሣጥን መጽሐፍ ጽፈው ፕሮፌሰር ተባሉ። በመቅድማቸው «የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኞች» አመሰገኑ። የወይዘሮ ቬርሊንን ስም የጠራ አንድም የለም።

በ2006 ዩኒቨርሲቲው አዲስ ደንብ አወጣ፤ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ የሌለው ወደ ልዩ ስብስቡ እንዳይገባ ተከለከለ። በዚህም፣ ሰነድ ለሰጡት ሰዎች የተገባላቸው ቃል በአንድ ፊርማ ፈረሰ። በዓመቱ አቶ ራምዲያል ሱካይ የሚባሉ የሰባ ስምንት ዓመት አዛውንት ከነካርዳቸው መጡ። ቅድመ አያታቸው በሸንኮራ እርሻ ሊሠሩ ከሕንድ በኮንትራት ሲመጡ የተሰጣቸውን የመርከብ ወረቀት ለስብስቡ የሰጡ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸው እሑድ ሊያገባ ነው፤ በሠርጋቸው ሥርዓት የአባቶች ስም ይጠራል፤ የቅድመ አያታቸው አባት ስም የተጻፈው በዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

«አባባ፣ እኔ ምን ላድርግ? ትእዛዝ ነው፤ መታወቂያ ከሌለዎት አይገቡም» አላቸው ዘበኛው።

«ቅድመ አያቴ ውስጥ ተቀምጦ እኔ ደጅ ልቁም? እሱንስ መታወቂያ ጠየቃችሁት?» አሉ አቶ ሱካይ።

ወይዘሮ ቬርሊን ድምፁን ሰምተው ወጡ። ዘበኛውን «አንተን አልቆጣም፣ ልጄ፤ ቁጣዬን ለፈረመው አስቀምጬለታለሁ» ብለው ተመለሱና ወረቀቱን በማኅደሩ አድርገው ይዘውላቸው መጡ። አዛውንቱ በደጁ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ስሙን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ ገለበጡ፣ አለቀሱ። ወረቀቱ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ።

በማግስቱ ወይዘሮ ቬርሊን «የዩኒቨርሲቲውን ንብረት ያለ ፈቃድ በማውጣት» ተከሰሱ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የጠበቁትን በማውጣት! ክሱ በታየበት ስብሰባ ላይ የዚያን ጊዜው ኃላፊ «ይህ የምርምር ቦታ ነው፤ የመንደር መሰብሰቢያ አይደለም» አሏቸው። ወይዘሮ ቬርሊንም «ታዲያ የምትመረምሩት የማንን አያት ነው?» አሉ። የሕግ አማካሪው ካርዱን ከፍ አድርጎ አሳይቶ በእርሳስ የተጻፈ፣ ማኅተም የሌለው ቃል ዩኒቨርሲቲውን አያስገድድም አለ። ሰዎቹም ሳቁ።

ከዚያ ስብሰባ በልባቸው የቀረው ያ ሳቅ ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማኅተም ያላስመታሁት ሰው መስለውኝ ነው» ብለው ለልጆቻቸው ተናግረዋል። ቤተሰቡ ግን ይህን ጥፋት የእሳቸው አድርጎ አይቀበልም።

በ2008 ያለ ፍላጎታቸው ጡረታ ወጡ፤ መታወቂያቸውም ተሰረዘ። በገዛ እጃቸው የሞሉት ክፍል ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዘጋባቸው። እሳቸው ግን ሐሙስ ሐሙስ የተጠበሰ ቂጣና የጨው ዓሣ ቋጥረው እየመጡ በዚያው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። ተማሪ የጠፋበትን ሲጠይቃቸው «ሣጥን 611፣ ሦስተኛው ማኅደር፤ ቀስ ብለህ ግለጠው፣ ጠርዙ ይሰበራል» ይሉታል። ለዩኒቨርሲቲው አርባ አንድ ደብዳቤ ጽፈዋል። ሁለት መልስ ደርሷቸዋል፤ ሁለቱም ደብዳቤው መድረሱን ብቻ የሚገልጹ ነበሩ።

ባለቤታቸው አቶ ሆሊስ በ2001 ቀድመዋቸዋል። ወይዘሮ ቬርሊን ባደረባቸው የስኳር ሕመም በ2018 አንድ እግራቸውን አጡ። ከዚያም በኋላ ከርዊን በተሽከርካሪ ወንበር እያደረሳቸው ሐሙሳቸውን አላስታጎሉም። ጥቅምት 8 ቀን 2019፣ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ። ከሁለቱ ልጆቻቸው ሌላ አምስት የልጅ ልጆችና ይህን የጻፈችው የእህታቸው ልጅ ማርቫ ይገኛሉ።

ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት ብዙዎቹ ከቦርሳቸውና ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መካከል ካርድ አወጡ። ስልሳ ሦስት ካርድ ተሰበሰበ። አቶ ሱካይ በሕይወት የሉም፤ ካርዳቸውን ይዞ የመጣው ያኔ ያገባው የልጅ ልጃቸው ነው። አንዱም ጽሑፍ አልደበዘዘም።

በዚያው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲው የሐዘን መግለጫ ደረሰን፤ የንባብ ክፍሉ በስማቸው እንዲሰየም የቤተሰቡን ፈቃድ ይጠይቃል። የቤተሰቡ መልስ እዚህ በስንብቱ ላይ፣ መግለጫውን የጻፉት ሰዎች በተቀመጡበት ይነበብ፦ አንፈቅድም። እሳቸውን ባላስገባ በር ላይ ስማቸው አይለጠፍም። በመጀመሪያ በሩ ይከፈት።

ቀብሩን ሐሙስ ያደረግነው ለዚህ ነው። ከዚህ ተነሥተን ወደ መቃብር ከመሄዳችን በፊት አስከሬኑ በቤተ መጻሕፍቱ ደጅ፣ በአግዳሚው ላይ ያርፋል። ስልሳ ሦስቱም ካርዳቸውን ይዘው በሩን ያንኳኳሉ። ከተከፈተ ገብተው የአባቶቻቸውን ስም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ካልተከፈተ እናታችንን ቀብረን በሚመጣው ሐሙስ እንመለሳለን፤ ከዚያም በሚቀጥለው። ያ አግዳሚ ባዶ አይሆንም።

ለማንም ደጃቸውን ያልዘጉትን እኚህን እናት፣ የሰማይ ደጅ ጠባቂ መታወቂያ ሳይጠይቃቸው ያስገባቸው። አሜን።