ለእናታቸው ኪቦርድ የሠሩት የአቶ ሠረቀብርሃን ፀሐዬ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሠረቀብርሃን ከአባታቸው ከአቶ ፀሐዬ ወንድይራድ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሳየች ጉተማ በግንቦት ወር 1972 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ የካ ሚካኤል አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የእንጦጦ ደን ጥበቃ ሠራተኛ፣ እናታቸው በአንድ መሥሪያ ቤት የአማርኛ ታይፒስት ነበሩ። ወ/ሮ አሳየች ልጃቸውን በታይፕራይተር መጻፍ ያስተማሩት የልጁን እጆች በነጠላ ሸፍነው ነው። ወደ ቁልፍ የሚያይ ታይፒስት አይባልም ይሉ ነበር።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ በየካ አጠናቀው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1994 ዓ.ም. የእናታቸው መሥሪያ ቤት ታይፕራይተሮቹን አንስቶ ኮምፒውተር አስገባ። የፊደሎቹ ቦታ ሌላ ሆነ። ወ/ሮ አሳየች በአንድ ጣት ፊደል ለቃሚ ሆኑ፤ የኮምፒውተር ጽሕፈት ፈተና ካላለፉ ከሥራ እንደሚቀነሱም ተነገራቸው። አቶ ሠረቀብርሃን ያኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበሩ። አሮጌ ኪቦርድ ፈልገው ቁልፎቹን ነቃቀሉ፤ ፊደሎቹን በታይፕራይተሩ ቦታ መልሰው ደረደሩ፤ ለዚያ የሚሆነውንም ፕሮግራም ጻፉ። እናታቸው ፈተናውን አልፈው እስከ ጡረታቸው ድረስ ሠሩ።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ መገናኛ በሚገኝ ድርጅት በፕሮግራመርነት አገልግለዋል። ኮድ የሚጽፉበት ኤዲተር ማውስ የማይነካው፣ ጥቁር ገጽ ብቻ ያለው ነበር። ባልደረቦቻቸው አዲስና ባለቀለም ኤዲተር ይዘው ቢለምኗቸው፣ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብለው እምቢ አሉ። ለተረቱ ካህናት አባቶቻችን ይቅር ይበሉን። ኪቦርዳቸውንም ራሳቸው በይደው የሠሩት ሲሆን ቁልፎቹ ላይ አንድም ፊደል አልነበረም። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባቸው ወ/ሪት እየሩስ ለይኩን በእሳቸው ኮምፒውተር ተቀምጠው፣ ከኤዲተሩ መውጫው ቢጠፋባቸው ሶኬቱን ነቀሉት። የሙሉ ቀን ሥራ ጠፋ። በ2000 ዓ.ም. ተጋቡ። መሪ ኮንዶሚኒየም ገብተው ልጃቸውን ሰርክን ወለዱ።

በ2008 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ታመሙ። በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ36 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እኛ ገና አልገባንም። ሰው ይመጣል፣ ድንኳን ተተክሏል፣ ቀኑን እንጽፋለን።

ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ሌላ እናታቸው ወ/ሮ አሳየች እና ወንድማቸው እንድርያስ በሕይወት አሉ። አባታቸው ቀድመዋቸዋል።

ከዚህ በታች ያለው በወንድማቸው የተጨመረ ነው። ይህን ታሪክ እኔ ስናገር የጻፉት እናታችን ናቸው። ሌላ ሰው ይጻፍ ብንላቸው፣ «አምጡልኝ፣ የልጄን እኔ ነኝ የምጽፈው» አሉ። ያንኑ የ1994ቱን ኪቦርድ አቀረብንላቸው። ከወንድሜ ልደት ጀምሮ እስከ ሕመማቸው ድረስ አንዴም ቁልፎቹን ሳያዩ ጻፉ። ያረፉበት ቀን ላይ ስንደርስ ግን እናታችን ወደ ታች አዩ፤ ቁጥሮቹን በአንድ ጣት አንድ በአንድ ፈልገው መቱ።

አምላከ ቅዱስ ሚካኤል ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ለእናታችንም ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።