የደሴው ሙላው የልዩነት ሐሳብ

ወንድሜ ሙላው፣

መዝገቡ ተመርምሮ የሚከተለው ተወስኗል፦ ባርኔጣዬን እዚህ አሜሪካ፣ በክላርክስተን ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ረስቻት ቀርታለች። ይግባኝ የለውም።

ትናንት የልጅ ልጄ ሚካኤላ፣ «አባባ፣ ፕሊስ፣ ጥያቄ እንዳትጠይቅ» ብላ ሚድታውን ወደሚሉት የከተማ መሀል ወሰደችኝ። አንድ ጡረታ የወጡ የሕንድ ዳኛ ንግግር ያደርጉ ነበር። ድሃ ሳይደመጥ ከቤቱ አይነሣም ብለው ከሌሎቹ ዳኞች ተለይተው ብቻቸውን የልዩነት ሐሳብ ጽፈው ነበር አሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ የአገራቸው ፍርድ ቤት የሕገ መንግሥቱ ትርጉም ይኸው ነው ብሎ ተቀበላቸው።

አዳራሹ ጭጭ ብሏል። እኔና አንተ ደሴ በዳኝነት በተቀመጥንበት ችሎት ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጠበቆቹ እንዴት ይጮኹ ነበር! እዚያ ነው ወይዘሮ ወለተሥላሴ በድምፅ ብልጫ ቤታቸውን ያጡት። አንተ ብቻህን በልዩነት ስትጽፍ፣ እኔ ከብዙኃኑ ጋር ፈርሜ «ቀለም አታባክን» ብዬ ሳቅሁብህ። ትናንት ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ በጣም ናፈቅኸኝ። ዳኛው እንኳ «የደሴው ሙላው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እትዬ ምህረትን ሳምልኝ፤ ጉልበትህን ብርድ አታስመታው።

ዳኛው ጠየቁኝ ያልኩት ፈጠራ ነው። ሚካኤላ ኮቴን እየጎተተች፣ ተነሥቼ ትክክል እንደነበርክ ለአዳራሹ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ጎሹ